የመዥገር ቆጠራ በእትዬ ነጅማ በረት

ሐምሌ 6፣ 2017፣ እሑድ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለሥራ ነበር። ሽፋኑ ላይ አበባ አለበት። የጥናቱ መሪ ዶክተር ሞቱማ አዩትና «ለመዥገር አበባ?» ብለው ሳቁ፤ አፍሬ ወደ ቤት አመጣሁት። ለመዥገሩ የምሠራበት የእንስሳት ምርምር ማዕከል የሰጠኝ ሰማያዊ መዝገብ አለ። ይሄኛው የራሴ ይሁን። በአርባ አራት ዓመቴ ማስታወሻ መጻፍ ጀመርኩ እንግዲህ።

ነገ ቆጠራ ይጀመራል። በግንቦትና በሰኔ የተወጉ አሥራ ሁለት ላሞች አሉ፤ ስድስቱ አብነት ሰፈር እትዬ ነጅማ ቤት፣ ስድስቱ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ጋሽ ገብረየሱስ ቤት። በየቤቱ ለሦስቱ የምንሞክረው የመዥገር ክትባት፣ ለሦስቱ ምንም የሌለው ፈሳሽ ነው የተሰጠው። የትኛዋ የትኛውን እንዳገኘች እኔም አላውቅም፣ ዶክተሩም አያውቁም፤ የታሸገ ፖስታ ውስጥ ነው ያለው። የእኔ ድርሻ በየሁለት ሳምንቱ ሰኞ በረት ገብቶ መዥገር መቁጠር ነው። ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ «ጤና ነክ ነው» እላለሁ።

ማታ ለእትዬ ነጅማ ደውዬ ነገ እንደምመጣ ነገርኳቸው። የቆጠራው መመሪያ አራተኛ ተራ ላይ «ባለቤቱ ሳያውቅ በድንገት» ይላል። የጻፈው ሰው እንግዳ ሆኖ አያውቅም መሰለኝ። የትልቅ ሴት ቤት በማለዳ ዘው ማለት የፖሊስ ሥራ ነው፤ እናቴ እንዲያ አላሳደገችኝም። የጋሽ ገብረየሱስ ስልክ እንደ ሁልጊዜው ዝግ ነው።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ከበረት ተመልሼ ቤቴ አራተኛ ፎቅ እስክወጣ ደከመኝ። ውሃም የለም። ጭቃውን በሁለት ጆግ ነው ያጠብኩት። ግን ደስ ብሎኛል።

እትዬ ነጅማ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከስልጤ በሙሽርነት የመጡበት ቤት ውስጥ ናቸው እስካሁን፤ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ላሞቹን ብቻቸውን አሳድገው፣ ልጅ ዳሩበት፣ አሁን ከልጃቸው ሚስት ከፈሪዳ ጋር ነው የሚኖሩት። እኔ ብዙ በረት አይቻለሁ። እንደ እሳቸው በረት ያለ አላየሁም። የሌላው ሰው ሳሎን እንደዚያ አይጸዳም። ላሞቹ ጭራቸው ሳይቀር ታጥቦ፣ ቆመው የሠርግ ቤት አጃቢ ይመስሉ ነበር። በስልጥኛ ያናግሯቸዋል። «ቦራ» የሚሏት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ስትጠራ ጆሮዋን ታዞራለች።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው፤ በአንድ ጎን ብቻ፣ ከጆሮ ጀምሮ አንገት ሥር፣ ብብት፣ ግት፣ ጭራ ሥር። ከምስር ፍሬ የሚበልጡት፣ ደም የጠገቡት ብቻ ይቆጠራሉ። ስድስቱንም ላሞች ዞርኩ። ዜሮ። ዜሮ። ስድስት ዜሮ ጻፍኩ። ማመን ያቅታል፤ ከወንዝ ዳር ሳር የሚግጡ፣ ድርቆሽ ከየቦታው የሚገባላቸው ላሞች ናቸው እኮ።

ከዚያ ቆጮ በአይብ አቀረቡልኝ። የሐዋርያት ጾም ቅዳሜ መፈታቱን ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

ጋሽ ገብረየሱስ ቤት ስደርስ ሰውዬው ገና ከእንቅልፋቸው አልተነሱም። በረቱ የሚያሳፍር ነው። 36፣ 4፣ 41፣ 39፣ 6፣ 3። እንዴት ላም በዚህ ዓይነት ይያዛል ብዬ በትሕትና ተቆጣኋቸው። ጭንቅላታቸውን እያከኩ «አትንኩ ስላላችሁኝ ነው እኮ» አሉኝ። ለስንፍና ሰበብ አይታጣለትም።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ዶክተር ሞቱማ ቁጥሮቹን አዩና መነጽራቸውን አወለቁ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር።

እኚህ ሰው አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ክትባት ላይ ናቸው። ሌላው ሰው ላም ላይ መድኃኒት መርጨት፣ መድኃኒት ገንዳ ውስጥ ማጥለቅ፣ መርፌ መደርደር ሲል እሳቸው ወደ መዥገሩ ሆድ ገቡ። ክትባቱ ከዚያ የተወሰደ ነገር ነው። ላሟ ደሟ ውስጥ መከላከያ ትሠራለች፣ መዥገሩ ያንን ደም ሲጠጣ አንጀቱ ይበላሻል፣ ሳይጠግብና ሳይወልድ ይቀራል። ቀይ ሽንት የሚባለውን በሽታ ከላም ላም የሚያዞረው እሱ ነው፤ እሱ ካልጠገበና ካልተራባ በሽታውም መንገድ ያጣል። ይህንን ለእትዬ ነጅማ በግንቦት ሲያስረዷቸው፣ «ሳይጠሩት መጥቶ ከበላ ሆዱን ቢያመው አላዝንለትም» ነበር ያሉት።

የዶክተሩ ጡረታ ታኅሣሥ ላይ ነው። ከዚህ የመዥገር ወቅት ሌላ ወቅት የላቸውም።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ዝናብ። ታክሲ የለም። በእግሬ።

እትዬ ነጅማ ጋ ስድስቱም ዜሮ። ትናንት ስደውል «በደህና ነይ ልጄ» ነበር ያሉኝ። ቆጮ፣ አይብ፣ የክርስቶስ ያለህ፣ አምስት ኪሎ ጨምሬ ነው ከዚህ ጥናት የምወጣው።

ጋሽ ገብረየሱስ ጋ 44፣ 7፣ 38፣ 47፣ 5፣ 4። ቆሻሻ ናቸው ብያለሁ፣ ደግሜ ቆሻሻ ናቸው።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ዶክተሩ ጠሩኝ። «መሰለች፣ ስድስቱም? ሦስቱ እኮ ባዶ ነው የተወጉት» አሉኝ። ስድስቱም፣ በደንብ ነው ያየሁት፣ በጆሮ ውስጥ ጣቴን አስገብቼ አልኳቸው። እውነት ነው። እንዲህ በእርግጠኝነት የምናገረው ነገር በሕይወቴ ጥቂት ነው።

ታዲያ የክትባቱና የባዶው ፈሳሽ ጠርሙሶች ተቀላቅለው ይሆናል ብለው ራሳቸውን ያዙ። ለእትዬ ነጅማ ቤት ስድስቱም ጠርሙስ ክትባቱ ገብቶበት ከሆነ ጥናቱ ፈረሰ ማለት ነው።

ጠርሙሶቹን የሞላችው ጊፍቲ ናት። ጊፍቲ ቤተ ሙከራ ነው የምትሠራው፣ እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም የእኔ መወጣጫ ላይ ከታች ሁለተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ጨው እንኳን በሚዛን ነው ወጥ ውስጥ የምትጨምረው። እሷ ጠርሙስ አትቀላቅልም። ይህን ለዶክተሩ ማለት ነበረብኝ። «እንጃ» ነው ያልኩት።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ፍልሰታ ገብቷል። እትዬ ነጅማ አልረሱም፤ ጎመን በዘይት፣ ለብቻ በተቀመጠ ድስት፣ «ቅቤ ያልነካው ነው፣ አትስጊ» ብለው። እስላም ሆነው ለእኔ ጾም የሚጨነቁት ከእናቴ ልጆች በላይ ነው።

ስድስት ዜሮ።

በረት ውስጥ ሳለሁ ፈሪዳ ወተት እያጠለለች ሳቀችና፣ አንቺ ስትደውዪ እማማ እኮ ቤቱን በእግሩ ነው የሚያቆሙት፣ ትናንት ከአሥር ሰዓት እስከ መግሪብ በረት ውስጥ ጎንበስ ብለው ወገባቸውን አመማቸው አለች። እኔም ሳቅኩ። ለወገብ ሕመም ስለሚሆን ቅባት አወራኋት፤ ሱቁንም ነገርኳት።

ዛሬ ታክሲው ውስጥ ወንበሩ የተቀደደ ነበር፣ ቀሚሴን ሳበብኝ።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ለጊፍቲ የማብራሪያ ደብዳቤ ደረሳት። «ጠርሙሶችን በሞሉበት ዕለት ለተፈጠረው መቀላቀል…» ይላል። ለተፈጠረው። «ለተጠረጠረው» እንኳን አይልም። ፊርማው የዶክተር ሞቱማ ነው፤ አስተዳደሩ አጥብቆባቸው እንደፈረሙ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል።

ጊፍቲ አላለቀሰችም። የሰኔን ማስታወሻዋን አውጥታ እያንዳንዱን መስመር በጣቷ እየተከተለች ስታነብ ነበር የዋለችው። ስህተቷን ፍለጋ። የሌለ ስህተት።

ለምን የሌለ አልኩ? አላውቅማ። ልትሳሳት ትችላለች። ሰው ናት።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ውሃ ታች ግቢ ብቻ መጣ። ሁለት ጀሪካን ይዤ ስወጣ ጊፍቲ በር ላይ አገኘችኝና አንዱን ከእጄ ቀምታ አራተኛ ፎቅ ድረስ አደረሰችልኝ። ትንፋሿን ሰብስባ «መሲ፣ አንቺ ቆጠራው ላይ እርግጠኛ ነሽ አይደል?» አለችኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኳት። «እንግዲያውስ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለችና ወረደች።

ቆጠራው ላይ እኮ እርግጠኛ ነኝ። የጠየቀችኝን ነው የመለስኩት።

ውሃውን እስካሁን አልነካሁትም። በጀሪካኑ እንዳለ ተቀምጧል።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ስልኩን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ዛሬ ባልደውል ለምን ነበር የምትደውዪው ማለት ይመጣል። ደግሞ በአንድ ጊዜ መደወል ማቆም ምን ይባላል፣ ተቀያየምን እንዴ ይላሉ። ትልቅ ሰው ናቸው።

ደወልኩ።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

ስድስት ዜሮ።

የእትዬ ነጅማን እጅ አየሁ። ቆጮውን ሲቆርሱልኝ። የአውራ ጣታቸውና የሌባ ጣታቸው ጫፍ ተልጧል፣ ጥፍራቸው ሥር ጠቁሯል። ምን ሆነው ነው አልኳቸው። «ሥራ ነዋ ልጄ» አሉኝ። ሥራ ነው።

አይቡን አልበላሁትም፤ ጾሙ ተፈትቶ እንኳን።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

ኮሪደር ላይ የሰማሁት ነው። የአስተዳደሩ ሰውዬ ከሌላ ሰው ጋር ሲያወራ ጊፍቲን ከመስከረም ጀምሮ ከቤተ ሙከራ አውጥተው ዕቃ ግምጃ ቤት ሊያስገቧት ነው አለ። «ለጠርሙስ የማትሆን ለካርቶን ትሁን» ብሎ ሳቀ። በግድግዳው ጥግ ቆሜ ነበር። አንገቴን እንኳን አላዞርኩም።

አሁን ልጻፈው። ሌላ ማንም አያነበውም። እትዬ ነጅማ ስደውል መዥገሩን ይለቅማሉ። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ቤት እንደሚጠረገው ነው። ይህን ያወቅኩት ዛሬ አይደለም። ፈሪዳ ስትስቅ ነው ያወቅኩት። ከዚያም በፊት ሳይሆን አይቀርም፤ የመጀመሪያው ቀን ጭራቸው ታጥቦ ሳይ ምን ይመስለኝ ነበር? ሦስት ዓመት ስቆጥር በዚህ ከተማ ክረምት ዜሮ መዥገር ያላት ላም አይቼ አላውቅም።

መዥገሩን አትንኩ ብለን ነበር ለሁለቱም። ጋሽ ገብረየሱስ አልነኩም። ሰነፉ ሰውዬ። ሦስት ብዙ፣ ሦስት ጥቂት፣ በየጊዜው ያው፤ ቁጥራቸው ቀጥ ብሎ እየተናገረ እኔ ስለ ፍግ ስሰድባቸው ከረምኩ።

የተሳሳተችው ጊፍቲ አይደለችም። እኔ ነኝ። በስልክ ነው የተሳሳትኩት።

ጳጉሜን 2፣ እሑድ

አልደወልኩም።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

በአንድ ሰዓት አንኳኳሁ። እትዬ ነጅማ ራሳቸው ከፈቱ። ሲያዩኝ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ድንጋጤ አልረሳውም፤ እንደተያዘ ሌባ ነው የደነገጡት፣ በገዛ ቤታቸው።

«ለምን አልደወልሽም?» አሉኝ።

ምን ልበል። ረሳሁ አልኳቸው። በሩን ሙሉ በሙሉ አልከፈቱትም። አንድ ሰዓት ብቻ ጠብቂኝ፣ ሳሎን ግቢ፣ በረቱ አሁን አይታይም አሉኝ። እትዬ፣ እኔ ያልጸዳውን ነው ማየት የምፈልገው አልኩ። ያኔ ገባቸውም አልገባቸውም አላውቅም፤ ድምፃቸው ቀነሰ። «ልጄ፣ እኔ በዚህ ሰፈር አርባ ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ። መዥገር የወረሰው ላም ከእኔ በር ታይቶ አያውቅም። ገብረየሱስ ጋ ሂጂ» አሉኝ። በሩንም ዘጉት። ቀስ ብለው፣ እንዳይሰማኝ ተጠንቅቀው ነው የዘጉት።

አብነት መንገድ ዳር ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አንዱ የታክሲ ረዳት «እናት፣ መገናኛ ነሽ?» አለኝ።

ጳጉሜን 4፣ ማክሰኞ

ለዶክተር ሞቱማ ነገርኳቸው። ሁሉንም። የፈሪዳን ሳቅ፣ የእትዬ ነጅማን ጣት፣ ኮሪደሩንም።

ይጮሁብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮሁም። «ስንት ጊዜ ደወልሽ?» አሉ። አራት ጊዜ አልኳቸው። አራቱን የቆጠራ ገጾች ከመዝገቡ አወጡ፣ የእትዬ ነጅማን ስድስት ላሞች በቀይ አቋርጠው ሰረዙ፣ ከጎኑ ቀን ጽፈው ፈረሙ። የሰውየው የአሥራ አንድ ዓመት ሥራ ግማሽ ነው በዚያች ቀይ መስመር የሄደው።

ከዚያ ተነሡ። ወደ አስተዳደር የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። «መጀመሪያ ጊፍቲ ጋ ነው። ያንን ደብዳቤ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አሉ።

በቤተ ሙከራው በር መስታወት አየኋቸው። የስድሳ ዓመት ሰው፣ የእሷ አለቃ፣ ቆመው፣ እጃቸውን አጣምረው ነው ይቅርታ የጠየቋት። እኔ ግን እዚያው ውጭ ደረጃው ላይ ቀረሁ።

መስከረም 2፣ 2018፣ ዓርብ

አዲስ ዓመት ትናንት ነበር። ቤቴን ዘግቼ ዋልኩ።

በራሴ እጅ ደብዳቤ ጽፌ ለአስተዳደሩ አስገባሁ። ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ፤ ይገባኛል። ጊፍቲ ቤተ ሙከራዋ ውስጥ ቀረች። ማታ ደረጃ ላይ ተገናኘን። ልናገር አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ለላም ባለቤት አራቴ ደወልሽ። ለእኔ አንዴ መደወል አቃተሽ?»

አልፋኝ ወደ ቤቷ ገባች።

መስከረም 8፣ ሐሙስ

ዶክተሩ አብነት እትዬ ነጅማ ቤት ይዘውኝ ሄዱ። አልፈልግም ብያቸው ነበር፤ ያበላሸሽው በር ላይ አንቺው ቁሚ አሉኝ።

ሳሎን አስገቡን። ዶክተሩ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ ሳንናገር መምጣት ሲገባን ተናግረን መጣን፣ እርስዎ ደግሞ እንግዳ አከበሩ አሏቸው። እትዬ ነጅማ ካዳመጡ በኋላ፣ በእኔ ምክንያት ያቺ ልጅ ተወነጀለች? ብለው ጠየቁ። ጊፍቲን አይተዋት አያውቁም። አዎ ሲባሉ ሻርፓቸውን ወደ ግንባራቸው ሳቡና መሬት መሬቱን አዩ።

ዶክተሩ የሚፈልጉትን ተናገሩ። አንድ ወር ሙሉ ማንም እንዳይነካቸው፤ ከዚያ ሳንናገር እንመጣለን። ትኩሳት ካለ በማንኛውም ሰዓት እንዲደውሉና መጥተው እንደሚያክሙ፣ መዥገሩ ግን ላሟ ላይ እንዲቆይ።

ይህ ለእትዬ ነጅማ ምን ማለት እንደሆነ ከዶክተሩ እኔ እሻላለሁ። ጎረቤታቸው ነስሪን በአጥሩ ሁልጊዜ በረቱን ታያለች፤ ሁለቱ ሴቶች በላም አያያዝ ሲፎካከሩ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። እምቢ ቢሉ አልፈርድባቸውም ነበር።

«ካየሁ እጄ አያስችለኝም» አሉ። «ስለዚህ በረት አልገባም። ፈሪዳ ትለብ። ቃሌ ነው።» አርባ ሰባት ዓመት አንድ ቀን ማለባቸውን ያላስታጎሉ ሴት።

ስንወጣ ዶክተሩ፣ እንደ እኚህ ሴት ያለ ሰው ማዕከሉ ቢኖረው ኖሮ ክትባቱ በአምስት ዓመት ያልቅ ነበር አሉ።

መስከረም 15፣ ሐሙስ

ከአሁን በኋላ ብቻዬን አልቆጥርም። ዶክተሩ ሁለተኛ ሰው መድበውብኛል። ጊፍቲ ናት። ራሷ ነው የጠየቀችው አሉኝ። ልትጠብቀኝ ነው ወይስ ልታግዘኝ አላወቅኩም። ሁለቱም ይሁን።

መስከረም 26፣ ሰኞ

ዛሬ ጋሽ ገብረየሱስ ጋ ብቻ። በረታቸው እንደ ድሮው ነው፤ አመሰገንኳቸው። ስለ ሐምሌው ይቅርታ ስላቸው የምን ሐምሌ አሉኝ።

መስከረም 29፣ ሐሙስ

ፈሪዳ ደወለች። ዳለቻ፣ ትልቋ ታላቢ ላማቸው፣ ከትናንት ጀምሮ አልበላ ብላለች፣ ሽንቷ ቀልቷል። ዶክተሩ ምሳቸውን ትተው ተነሡ፣ ተከተልኳቸው።

እትዬ ነጅማ ከበረቱ በር ውጭ፣ በዱካ ላይ፣ ጀርባቸውን ለላሞቹ ሰጥተው ተቀምጠው ነበር። ውስጥ ዳለቻ ስታቃስት ይሰማል። አልዞሩም። ሁለት እጃቸውን ብብታቸው ሥር አስገብተው ይዘዋል። ዶክተሩ ሲገቡ «አድኑልኝ» ብቻ አሉ።

መርፌዋን ወጓት፣ ጎኗ ተንበርክከው ጭቃው ውስጥ ሁለት ሰዓት ቆዩ። እኔ እትዬ ነጅማ ጎን ቁጭ አልኩ። ቃሉ ይቅር፣ ይግቡና ይልቀሙላት አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ ያን ጊዜ ጥናቱም ጡረታውም ገደል ይግባ ብዬ ነበር።

«እኔን ቃሌን አስፈርሰሽ አንቺ ልታርፊ ነው?» አሉኝ።

መስከረም 30፣ ዓርብ

ዛሬ ጠዋት ዳለቻ ድርቆሽ ነክሳለች፣ ፈሪዳ ደውላ ነገረችኝ። ወተቷ ግን ግማሽ ሆኗል። እትዬ ነጅማ አሁንም አልገቡም።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ነገ ነው። ጊፍቲ ማታ መጣችና እጇን ዘረጋች። ስልኬን ነው። «ጠዋት እሰጥሻለሁ» አለች። ሰጠኋት። ከሄደች በኋላ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ከነሐሴ ወዲህ መጀመሪያዬ ነው።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ከጊፍቲ ጋር አብነት ነበርን። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ፈሪዳ ከፈተችልን። እትዬ ነጅማ ጓዳ በር ላይ በሻርፓቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ቆመዋል። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ጊፍቲን ሳስተዋውቃቸው ጉንጯን ስመው ለረጅም ጊዜ አልለቀቋትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ቁጠሪ። ግን ቶሎ ብለሽ ቁጠሪ፣ ነስሪን ሳትነሳ» አሉኝ።

ቶሎ አልቆጠርኩም። ከዳለቻ ጀመርኩ። ጆሮዋ ውስጥ ብቻ አሥራ አንድ ነበሩ፣ ያበጡ፣ ግራጫ፣ እንደ ባቄላ። አንገቷ ሥር፣ ግቷ ላይ። ሠላሳ ሰባት አልኩ፣ ጊፍቲ ጻፈች። እትዬ ነጅማ በወሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጃፉን ተሻግረው ገቡና ዳለቻን አይተው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሲያለቅሱ ትከሻቸው ይታይ ነበር። ልሄድ ፈለግኩ። ጊፍቲ «ቀጥዪ» አለችኝ።

ቀጥላ ያለችው ቦራ ናት። ከዳለቻ ጋር ጎን ለጎን፣ በአንድ ገመድ ርቀት ነው የምትታሰረው። ጆሮዋን ገለጥኩ። አንገቷ ሥር ገባሁ። ብብቷን፣ ግቷን፣ ጭራዋን። ጥቃቅን አሉ፣ ደም ያልሞላቸው፣ የደረቁ፣ ስነካቸው የሚረግፉ። ከምስር የሚበልጡ ሁለት። ደግሜ ቆጠርኩ። ጊፍቲ መዝገቡን አስይዛኝ ራሷ ቆጠረች። ሁለት።

እትዬ ነጅማ ፊታቸውን ገለጡ። ቀረብ ብለው በቦራ አንገት ላይ እጃቸውን አሳለፉ፣ ከጆሮዋ ሥር እስከ ግቷ፣ እንደለመዱት፣ በጣታቸው ጫፍ እየፈለጉ። ከዚያ ወደ ፈሪዳ ዞሩ። ሲቆጡ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

«ይቺን ማን ለቀማት?»

ማንም አልነካትም አለች ፈሪዳ።

«አትዋሺኝ። ቃል ሰጥቻለሁ እኮ። በእኔ ቤት፣ በእኔ ቃል ላይ ማነው የለቀማት?»

«ወላሂ እማማ፣ ከወተቷ በቀር ማንም አልነካትም።»

ጊፍቲ መጻፏን አቆመች። እትዬ ነጅማ ከቦራ ወደ ዳለቻ፣ ከዳለቻ ወደ ቦራ እያዩ ቆዩ። ሦስተኛዋን ላም ራሳቸው ሄደው ዳሰሱ፣ አራተኛዋን ዳሰሱ፣ ስድስተኛዋ ጋ ደረሱ፤ መዥገር የወረሳቸው ሦስት፣ ንጹሕ ሦስት። ስንት እንደሆነ አልጠየቁንም። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው፣ ዳለቻን እንዳለች፣ በሩን ወለል አድርገው ትተው፣ ወደ አጥሩ ሄዱና ጮክ ብለው ተጣሩ፤

«ነስሪን፤ ተነሺ፣ ነይ በረቴን እይ።»